ድሬዳዋ ላይ ዳቦ ቤት ልንከፍት ነው፤ ውድድሩን እንዴት ነው የሚያጠኑት?

ሳቢያን ልጅ · ማክሰኞ ማታ 2፡15

ሰላም ለመድረኩ ሰዎች። አጎቴ ብዙ ዓመት ጅቡቲ ሠርቶ ተመልሷል፤ ያጠራቀመውን ዳቦ ቤት ላይ ሊያውለው ነው። ቤቱ ሳቢያን ውስጥ ከዋናው መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ ነው፤ ቀብድ ከፍለናል። ለቀሪው ገንዘብ ባንክ ስንሄድ የሥራ ዕቅድ አምጡ አሉን፤ ለሚጽፍ ሰው ከፍለን አስጻፍን። ወረቀቱ ወፍራም ነው። «የገበያ ውድድር» በሚለው ርዕስ ሥር ያለው ግን ይቺው ናት፦ «በአካባቢው ሁለት ዳቦ ቤቶች ብቻ ስለሚገኙ ውድድሩ ዝቅተኛ ነው።»

አጎቴ አነበበና «ሁለት ብቻ የሆኑት ለምን ይመስልሻል?» አለኝ። ዝም አልኩ።

ማኔጅመንት ነው የተማርኩት። የማይክል ፖርተርን «አምስት ኃይሎች»፣ ውድድር የሚጠናበትን ዘዴ፣ ለፈተና ሸምድጄ አልፌበታለሁ፤ ምሳሌው ሁሉ አየር መንገድና ለስላሳ መጠጥ ነበር። ለአንድ የሰፈር ዳቦ ቤት እንዴት እንደሚሠራ ግን ማንም አላሳየኝም። የምታውቁ እባካችሁ። «ከፍተኛ፣ መካከለኛ፣ ዝቅተኛ» የሚል ሠንጠረዥ አትላኩልኝ፣ እሱ አለኝ።


መጋላ ነኝ · ማክሰኞ ማታ 2፡31

አቦ ለዳቦ ደግሞ ጥናት! ዱቄት፣ ውሃ፣ እርሾ፣ ጨው። ተፎካካሪሽ መብራት ነው። ሊጡ ተነሥቶ፣ ፉርኖው ግሎ፣ ልክ ልታስገቢ ስትይ ድርግም ሲል ያኔ ማን እንደሚያሸንፍሽ ታያለሽ።


የሒሳብ መዝገብ · ማክሰኞ ማታ 3፡40

አጎትሽ ከአማካሪው የተሻለ ጥያቄ ነው የጠየቁት። ከእሱ እንነሣ።

ማይክል ፖርተር ሐሳቡን ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1979 በሐርቫርድ የንግድ መጽሔት ላይ ነው። መነሻው የሞኖፖል ትርፍ እንዴት ይቀንስ እያለ ኢንዱስትሪዎችን የሚመረምረው የኢኮኖሚክስ ዘርፍ ነበር፤ እሱ ነገሩን ገለበጠውና ነጋዴው ትርፉን እንዴት ይዞ ይቆይ ብሎ ጠየቀ። ስለዚህ የተፎካካሪ ቆጠራ አድርገሽ አትያዢው። ደንበኛው ለዳቦ ከሚከፍለው ብር ላይ ከወጪ የሚተርፈው ማን ኪስ ይገባል? ጥያቄው ይኼ ነው፤ የሚሻሙሽ አምስቱ ኃይሎች ደግሞ እነዚህ ናቸው። ጎረቤት ዳቦ ቤት በዋጋ ወይም በሚዛን ይነጥቅሻል። አዲስ የሚከፍተው ይሻማሻል። ዱቄት አቅራቢው ጨምሮ ይወስዳል። ገዢው ተከራክሮ ያስቀንሳል። ሌላ የሚበላ ነገር ደግሞ ዋጋ ስትሰቅይ ደንበኛሽን ይዞ ይሄዳል።

ከአምስቱ በፊት ግን ድንበር አስምሪ። ዳቦ ሩቅ አይሄድም። ጠዋት ሰው ለቁርስ ከሳቢያን ተነሥቶ ከዚራ አይወርድም፣ የደቻቱን ወንዝም አይሻገርም። ስለዚህ የምትሸጪበት ገበያ ጥቂት መንደር ነው። የምትገዢበት ግን አገር አቀፍ ነው፤ ስንዴው የአርሲና የባሌ፣ ዱቄቱም ብዙ ጊዜ ከአዳማ ወፍጮዎች የሚመጣ ነው። አማካሪሽ ሁለቱን አንድ አድርጎ ነው ያየው።

አሁን የነባሮቹን ፉክክር እንይ፤ እዚህ ላይ ዳቦ መጥፎ ዕድል አለው። ኪራዩ፣ ደሞዙ፣ የብድሩ ወለድ ብትጋግሪም ባትጋግሪም ይከፈላል፤ ስለዚህ ሁሉም ፉርኖውን ሞልቶ መጋገር ይፈልጋል። የጋገርሽው ደግሞ እስከ ማታ ካልተሸጠ አለቀለት። ያንቺ ዳቦና የጎረቤትሽ ዳቦ ጠረጴዛ ላይ ቢቀመጡ ማንም አይለያቸውም። እነዚህ ሦስቱ የተገናኙበት ሥራ ላይ ሁለት ተፎካካሪም ቢሆን ይበዛል።

ፉክክሩ ግን በዋጋ አይታይም። የዳቦ ዋጋ ድፍን ነው፤ ሃምሳ ሳንቲም ቀንሼ ልሽጥ የሚል የለም። ፉክክሩ ያለው ግራም ላይ ነው። አንድ ኩንታል ዱቄት ውሃው ሲገባበት በግምት 160 ኪሎ ሊጥ ይወጣዋል። በ100 ግራም ብትቆርጪው 1600 ዳቦ ነው፤ ፉርኖ ውስጥ ውሃው ተንኖ አንዱ ወደ 88 ግራም ይወርዳል። በ95 ግራም ብትቆርጪው 1684 ይሆናል። ከአንድ ኩንታል 84 ዳቦ በነፃ አገኘሽ ማለት ነው። ዱቄት ሲወደድ ሁሉም የሚነካው ይህንን 5 ግራም ነው፤ አንዱ ሲነካው ሌላውም ይከተላል፤ ደንበኛው ሁለት ሳምንት ቆይቶ «ዳቦው አነሰ» ይላል። ስለዚህ ጥናትሽን በወረቀት አትጀምሪ፤ ሚዛን ግዢ።


ጡረተኛ ጋጋሪ · ረቡዕ ንጋት 12፡20

ልጄ፣ እኔ ዕድሜዬን እዚህ ከተማ ዱቄት ውስጥ ነው የጨረስኩት፤ አሁን ትቼዋለሁ፤ ሌሊት መንቃቱ ግን አልተወኝም። የሒሳቡ ሰው ስለ ግራም የጻፈው ልክ ነው። ገንዘቡ የሚወጣበትን ትልቁን በር ግን አልነገረሽም። ሱቅ ነው።

አሠራሩን ላስረዳሽ። ሌሊት 10 ሰዓት ላይ የወጣው ዳቦ ሳይነጋ በባጃጅ ይጫናል። ባለሱቁ መቶ ይቀበላል፤ ሳንቲም አይከፍልም። ማታ ሰብሳቢሽ ሲሄድ ያልተሸጠውን ቆጥሮ ይመልስልሻል፤ የተሸጠውን ይከፍላል፤ እሱንም «ግማሹ ነገ» ይላል። ተመላሹን አልቀበልም ብትይው አይጣላሽም፤ ዝም ብሎ ከሌላው ዳቦ ቤት ይቀበላል። እንግዲህ ጉልበቱ የማን እንደሆነ እዪው። አንድ መደርደሪያና አንድ ፌስታል ያለው ሰው ባለማሽኑን ያዝዛል።

ሒሳቡንም ላሳይሽ። አንድ ዳቦ ከመሸጫው 90 በመቶ ያስወጣሻል እንበል። መቶ ሰጥተሽ 15 ቢመለስ የ85 ገንዘብ ነው የምትቀበይው፤ ያወጣሽው ግን የ90 ነው። ቀኑን ሙሉ ሠርተሽ አምስት ዳቦ ከፍለሽ ገባሽ። የተመለሰው ደርቆ ይፈጫል፣ ቀሪው ለከብት ይሸጣል፤ የሚያመጣው ገንዘብ የባጃጁን እንኳ አይሸፍንም።

አጎትሽ ለጠየቁት ደግሞ መልሱ ይኸው ነው። እዚያ ሰፈር ያሉትን ሁለቱን አትቁጠሪ፤ የተዘጉትን ቁጠሪ። እኔ የማውቃቸው አሉ። አብዛኞቹ የዘጉት ዳቦ ስላልተሸጠላቸው አይደለም። ዳቦው ተሽጦ፣ ሱቆቹ ጋር የቀረው ዱቤ ሳይሰበሰብ የዱቄቱ ዕዳ ስለደረሰ ነው።


ሳቢያን ልጅ · ረቡዕ ረፋድ 4፡05

ጋሼ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የእኛ ዕቅድ ላይ «ከምርቱ 70 በመቶ ለሱቆች ይከፋፈላል» ነው የሚለው። ተመላሽ የሚል ቃል የትም የለም። አጎቴ ጋ ደውዬ ሳነብለት ዝም ብሎ ቆየና «ሰውየው የት ነው ያለው? ቡና ልጋብዘው» አለ።


ፈረስ መጋላ · ረቡዕ ቀን 7፡30

ከሐረር ነኝ። ስለ ተተኪ ማንም አላነሣም፤ እናንተ ድሬዎች ዳቦ ብቻ የምትበሉ አስመሰላችሁት።

ተተኪን «ዳቦ በምን ይተካል?» ብለሽ አትጠይቂ። በሰዓት ከፋፍይው። ጠዋት ፉል ቤት በር ላይ ዳቦን የሚተካ የለም፤ ፉል በእንጀራ የሚበላ አላየሁም። ሶማሌ ቤቶች ቁርስ ላይ ላሆህ የሚባል እንጀራ መሰል ቂጣ አለ፤ ቤት የሚጋገር ስለሆነ ግን ከሱቅ ከሚገዛው ዳቦ ጋር ብዙም አይጋጭም። ምሳ ላይ ዳቦ ተሸናፊ ነው፤ ሩዝ፣ ፓስታ፣ እንጀራ አለ። ከምሳ በኋላ ሙቀቱ ሲበረታ ሰው በርጫው ላይ ነው፤ ቀዝቃዛ ለስላሳና ለውዝ ይሸጣል፣ ዳቦ አይሸጥም። ወደ ማታ ደግሞ ከሻይ ጋር ይመለሳል። ስለዚህ ዋጋ ወይም ሚዛን ላይ ደፈር ማለት የምትችይው ጠዋት ብቻ ነው። ረመዳን ሲገባ ይሄ ሁሉ ይገለበጣል፤ ጠዋቱ ይሞታል፣ ማታና ሱሁር ላይ ይነሣል፤ ከአፍጥር በፊት ሜዳው የሳምቡሳ ነው። በየዓመቱ ደግሞ ወደ 11 ቀን ቀድሞ ስለሚገባ ያምናው ሽያጭሽ ላይ ተነሥተሽ የዘንድሮውን ወር ብታቅጂ ትሳሳቻለሽ።

ድንበር ማስመር ላይ የእኛን ከተማ ምሳሌ ልስጥሽ። ሐረር ቢራ ፋብሪካ ሶፊን ይሠራል፤ አልኮል የሌለው የብቅል መጠጥ ነው። የሶፊ ተፎካካሪ ሌላ ቢራ ይመስልሻል? ማን ከማን ጋር ጠረጴዛ ላይ እንደሚቀመጥ እዪ፤ ኮካና ጁስ ናቸው። አንድ ፋብሪካ፣ አንድ ብቅል፣ ሁለት ገበያ። ያንቺም ፉርኖ እንደዚያ ነው። የፉል ዳቦና የማታ ሻይ ዳቦ ከአንድ ሊጥ ይወጣሉ፤ ተፎካካሪያቸው ግን ለየቅል ነው።


የሒሳብ መዝገብ · ረቡዕ ቀን 8፡12

ፈረስ መጋላ፣ በሰዓት መከፋፈሉን ወድጄዋለሁ። አንድ ነገር ልጨምርበት። ፉል ቤቱ ዳቦውን የሚገዛ ብቻ አይደለም፤ እሱ ሲደምቅ ዳቦውም ይደምቃል። እንዲህ ያለውን ደጋፊ ምርት እንበለው። ፖርተር እ.ኤ.አ. በ2008 ጽሑፉን ሲያድስ እንዲህ ያሉትን፣ እንዲሁም መንግሥትን፣ ቴክኖሎጂንና የዘርፉን ዕድገት፣ ራሳቸውን የቻሉ ኃይሎች አድርጎ አልቆጠራቸውም። ከአምስቱ አንዱን በማጠንከር ወይም በማላላት ነው የሚሠሩት ይላል።


ጡረተኛ ጋጋሪ · ረቡዕ ቀን 8፡50

ይቅርታ ወንድሜ፣ መንግሥት ኃይል አይደለም የሚለውን የጻፈው ሰው ዳቦ ጋግሮ አያውቅም። በ2003 ዓ.ም. የብዙ ዕቃ ዋጋ ላይ ጣሪያ ሲጣል ዳቦም ውስጡ ነበረ። ወራት ሳይቆይ አብዛኛው ተነሣ፤ በዚያች ጊዜ ግን ከጎረቤቴ ጋር መፎካከር ቀርቶ የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ በዚህ ዋጋ ስንት ግራም? ድጎማ ያለው ዱቄት ለአንዱ ደርሶ ለሌላው ሲቀርስ? እሱን የት ታስገባዋለህ?


የሒሳብ መዝገብ · ረቡዕ ቀን 9፡20

ጋሼ፣ የነገሩኝ ራሱ መልሱን ይዞታል። የዋጋ ጣሪያው ፉክክሩን ከዋጋ አንሥቶ ግራም ላይ ጣለው። የድጎማው ዱቄት የአቅራቢውን ጉልበት ለአንዱ አላልቶ ለሌላው አጠነከረው። መንግሥትን ለብቻ ሳጥን ውስጥ ካስቀመጥነው «መንግሥት፦ ከፍተኛ» ብለን ጽፈን እናልፋለን፤ ሁለት ነጥብ ላይ እንደመታን ግን አናይም። ልጅቷ የሚያስፈልጋት የትኛው ጋር እንደሚመታት ማወቅ ነው።


ጡረተኛ ጋጋሪ · ረቡዕ ቀን 9፡31

እሺ፣ በል። ስሙን አንተ አውጣለት። እኔ ግን ስድስት እላለሁ።


ትራንዚተር · ረቡዕ ማታ 1፡45

ስለ አዲስ ገቢዎች እኔ ልናገር፤ ዕቃ የማስገባ ሰው ነኝ። ፉርኖ፣ ማቡኪያ፣ መቁረጫ፣ እርሾም ጭምር የውጭ ምንዛሪ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ማሽን በብር ስታሰይው ድሮ የከፈተው ሰው ከከፈለው ጋር አይገናኝም። ይህ ሁለት ነገር ያመጣል። አንደኛ፣ ከአንቺ በኋላ የሚመጣው ይከብደዋል፤ ደስ ይበልሽ። ሁለተኛ፣ አንቺ ራስሽ አዲስ ገቢ ነሽ! ነባሮቹ ማሽኑን በድሮ ብር ከፍለው ጨርሰዋል፤ አንቺ ዳቦ በሸጥሽ ቁጥር የብድሩ ወለድ ይቆጠርብሻል። ግራም ላይ ጦርነት ከተነሣ እነሱ ከአንቺ ረዘም ላለ ጊዜ ይችሉታል። አማካሪው «የመግቢያ መሰናክል ከፍተኛ ስለሆነ ጥሩ ነው» ብሎ ከጻፈ፣ መሰናክሉን እየዘለልሽ ያለሽው አንቺ መሆንሽን ረስቷል።


መጋላ ነኝ · ረቡዕ ማታ 2፡02

መሰናክል ካላችሁ ሳፋሪኮም ትዝ አለኝ። ከአጋሮቹ ጋር ለፈቃድ ብቻ 850 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ፣ በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ሙከራውን አንድ ብሎ የጀመረው ድሬ ላይ ነበር። ከዚያ ወዲህ ኪሳችን ውስጥ ሁለት ሲም። እንግዲህ ዳቦ ቤት ለመክፈት 850 ሚሊዮን ቢጠይቁ ኖሮ ዛሬ ይህን ክር አናነብም ነበር።

ደግሞ ለምን ትጨቃጨቃላችሁ? የሰፈሩ ዳቦ ቤቶች ሻይ ላይ ቁጭ ብለው «ከዚህ ግራም በታች የለም፣ ከዚህ ዋጋ በታች የለም፣ ተመላሽ የሚባል የለም» ብለው ቢስማሙ አበቃ። ጥቂት ሰው ነው፣ አቦ!


ሕግ ነክ · ረቡዕ ማታ 2፡25

አይበቃም፤ ይጀምራል እንጂ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 የሚከለክለው ይህንኑ ነው። እርስ በርስ የሚፎካከሩ ነጋዴዎች በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ ዋጋ ለመወሰን የሚያደርጉት ስምምነት ክልክል ነው፤ በወረቀት ባይጻፍም፣ ሻይ ላይም ቢሆን። ሳቢያን ልጅ፣ ነባሮቹ ጠርተው «እንስማማ» ቢሉሽ አትሂጂ። ለየብቻችሁ ግን እያንዳንዳችሁ ከሱቆቹ ጋር የምትዋዋሉትን ማንም አይከለክላችሁም። ተመላሽ አልቀበልም ማለት፣ ወይም ለማይመልስ ሱቅ ቅናሽ ማድረግ የራስሽ ውሳኔ ነው። በጽሑፍ አድርጊው።


ጡረተኛ ጋጋሪ · ረቡዕ ማታ 2፡40

ሕጉን ተወውና ስምምነቱም አይጸናም። ማለዳ ተስማምቶ፣ ማታ ለትልቁ ሱቅ ከመቶው ላይ አሥር ምርቃት የሚጨምር አይቻለሁ። ሻዩን ከፍሎ የወጣው ራሱ ነበር።


ሳቢያን ልጅ · እሑድ ማታ 1፡10

ተመልሻለሁ። ሚዛን ገዛሁ። በምክራችሁ መሠረት ከሰፈራችን ሱቆችና ከሁለቱ ዳቦ ቤቶች በር፣ ከዚያም ከኮኔልና ከከፊራ አካባቢ ጭምር ዳቦ እየገዛሁ መዘንኩ። እናቴ ቤቱን ዳቦ ሞላሽው ብላ ተቆጣች፤ የጎረቤት ልጆች ግን ተደስተዋል። ያየሁትን ልንገራችሁ።

ዋጋው ሁሉም ጋር አንድ ነው። ሚዛኑ ግን ይለያያል፤ አንዱ ዳቦ ቤት ራሱ ጠዋትና ማታ አንድ አይደለም። ያልጠበቅሁት ይሄ ነው፦ ከሁሉም ከባዱ ዳቦ የተገኘው ለሱቅ ከማይሰጥ ቤት ነው። ከፉል ቤቶች አጠገብ ያለ ትንሽ ዳቦ ቤት ነው፤ በመስኮት ብቻ ነው የሚሸጠው፣ ሲያልቅ ይዘጋል። ማታ ሄጄ በሩ ዝግ ነበር። ሴትየዋን ለምን ለሱቅ እንደማትሰጥ ስጠይቃት «ዳቦዬ እየዞረ ሲመለስ ማየት አልወድም» ብላ ሳቀች።

ሱቆቹንም ጠየቅሁ። የትኛውን ዳቦ እንደሚመርጡ ስጠይቅ ስለ ጣዕም ያወራ የለም። አንዱ «ቶሎ የሚደርሰው»፣ ሌላው «ጭቅጭቅ የሌለበት» አለኝ፤ ጭቅጭቅ ማለት ተመላሽ ላይ ነው። የጋሼ ነገር በአንድ ጠዋት ተረጋገጠ።

ዱቄት አከፋፋዮች ጋም ሄድኩ። ለነባሮቹ በዱቤ ይሰጣሉ፤ እኔ ግን አዲስ ስለሆንኩ በካሽ ነው። ከወፍጮ ቤት በቀጥታ ለመውሰድ ደግሞ የሚጠይቁት ብዛት እኛ ከምንጋግረው በላይ ነው። ሁለት ዳቦ ቤት ሆነን አንድ መኪና ብንጭን ይቻላል አሉኝ። ሕግ ነክ፣ ይሄስ ክልክል ነው?


ሕግ ነክ · እሑድ ማታ 1፡38

አብሮ መግዛትና መጓጓዣ መካፈል መሸጫ ዋጋ ላይ ከመስማማት ይለያል። መኪናው ላይ ስትገናኙ ግን የመሸጫ ወሬ አታንሡ። ከመጫናችሁ በፊት ውሉን ለሚያውቅ ሰው አሳዩ።


የሒሳብ መዝገብ · እሑድ ማታ 2፡20

ሳቢያን ልጅ፣ ያ ከባድ ዳቦ የጥናትሽ ዋና ግኝት ነው። አስቢው፦ ሴትየዋ ዳቦዋ የሚከብደው ስለምትራራ አይደለም። ተመላሽ የላትም፣ ባጃጅ የላትም፣ ሰብሳቢ የላትም፣ ዱቤ የላትም። ሌላው በተመላሽ የሚያጣውን ገንዘብ እሷ ሊጡ ላይ ትጨምረዋለች፤ ሊጡ ደንበኛ ያመጣላታል። በአንድ ከተማ፣ በአንድ ዱቄት፣ አምስቱን ኃይሎች የተጋፈጠችበት ቦታ ሌላ ነው። አማካሪው «ውድድሩ ዝቅተኛ ነው» ያለው ስለ ሰፈሩ ነበር። ጥያቄው ግን በዚያ ሰፈር የትኛው በር ላይ ነው የምትቆሚው የሚለው ነው።

ዕቅዱን ገልብጪው። «70 በመቶ ለሱቅ» የሚለውን አውጪና ከመስኮት ስንት፣ ለፉል ቤት ስንት፣ ለሱቅ ስንት ብለሽ ለየብቻ አስይ። ለሦስቱም ተመላሹን፣ ዱቤ የሚቆይበትን ቀንና የባጃጁን ወጪ አስገቢ። የሱቁ መስመር ትርፍ ካላሳየ ፉርኖው ባይሞላም አትጋግሪለት። ባንኩም ይህንን ዓይነት ሠንጠረዥ ነው ማየት ያለበት። ቤቱ ከዋናው መንገድ ገባ ያለ ነው ብለሻል፤ ለመስኮት ሽያጭ እሱ አሳሳቢ ነው። ቀብዱ ቢያንገበግብም ቤት መለወጥ ይቻል እንደሆን አጎትሽን ጠይቂ።


ፈረስ መጋላ · እሑድ ማታ 2፡45

መልካም። ግን አንድ ነገር ልቃወም። ሳቢያን ልጅ ይህን አድርጋ ቢሳካላት ጎረቤቷ በወሩ መስኮት ይከፍታል። መስኮት መክፈት ማን ይከለክላል? ሚዛን ማሳደግስ? የማይቀዳ ነገሩ ምንድን ነው?


ትራንዚተር · እሑድ ማታ 2፡58

ቦታው። ፉል ቤት አጠገብ ያለው ጥግ አንድ ነው።


መጋላ ነኝ · እሑድ ማታ 3፡01

ጄኔሬተር።


ጡረተኛ ጋጋሪ · ሰኞ ንጋት 11፡50

ጋጋሪው ነው፣ ልጆች። እስካሁን ስለ ዱቄት አቅራቢ ስታወሩ ቆያችሁ፤ ትልቁን አቅራቢ ረሳችሁት። እጁን የሚያቀርበው ሰው።

ድሬ ላይ ሊጥ ከሌላ አገር ሊጥ ይለያል። ግንቦትና ሰኔ ላይ ሌሊቱ ራሱ ይሞቃል፤ በአዲስ አበባ እርሾ ልክ ካቦካሽው ቆርጠሽ ሳትጨርሺ ተነሥቶ ይወድቃል። ያኔ እርሾ ይቀነሳል፣ የሚቦካበት ውሃ በበረዶ ይቀዘቅዛል፣ የሚያርፍበት ጊዜ ያጥራል። ይህን ማሽኑ አይነግርሽም፤ ሊጡን በጣቱ ጫን አድርጎ የሚያውቅ ሰው ነው የሚነግርሽ። እንዲህ ያለ ሰው ከተማው ውስጥ ጥቂት ነው፤ ሁሉም ባለዳቦ ቤቶች በስም ያውቁታል። ተቀይሞ ሲወጣ ብቻውን አይወጣም፤ አቡኪውን፣ ቆራጩን፣ ፉርኖ ላይ ያለውን ይዞ ይወጣል። ዛሬ ሌሊት አንቺ ጋ፣ ነገ ሌሊት ጎረቤትሽ ጋ። ዳቦሽ ምንም ሳይጎድለው እዚያ ይጋገራል፤ ደንበኛውም ይከተለዋል። የተዘጉ ካልኳችሁ ቤቶች አንዱ የተዘጋው በዚህ ነው።


የሒሳብ መዝገብ · ሰኞ ጠዋት 2፡30

ጋሼ፣ ይሄን ደግሞ ፖርተርም ይቀበልዎታል፤ የሰው ጉልበትን ከአቅራቢዎች ጋር ነው የሚቆጥረው። በተለይ ሙያው እንደ ልብ የማይገኝና ሠራተኞቹ አብረው የሚንቀሳቀሱ ሲሆኑ። አንድ ለአንድ ሆንን።


ሳቢያን ልጅ · ሰኞ ጠዋት 3፡15

ዕቅዱ ላይ «ጋጋሪ፦ 3 ሰው፣ ወርሃዊ ደሞዝ» ብቻ ነው ያለው፤ ከጥበቃና ከጽዳት ጋር በአንድ መስመር። ጋሼ፣ እንዲህ ያለውን ሰው በምን ነው የምይዘው? ደሞዝ ብጨምርለት ጎረቤት ደግሞ ይጨምርለታል።


ጡረተኛ ጋጋሪ · ሰኞ ጠዋት 3፡40

በወር ደሞዝ አትያዢው፤ በኩንታል አስቢለት። ስንት ኩንታል ጋገረ፣ ያንን ያህል ይውሰድ። የተቃጠለና የተበላሸ ሊጥ ከእሱም ከአንቺም ይሁን። ከዚያ ላይ ከመስኮቱ ሽያጭ በየሳምንቱ ትንሽ ድርሻ ቁረጪለት፤ ከሱቁ አይደለም፣ ከመስኮቱ። ያኔ ሚዛኑን ራሱ ይጠብቅልሻል፤ ጠዋት ወረፋው ሲረዝም ያንቺን ያህል ይደሰታል። ከሥሩም አንድ ልጅ አስቀምጪና እንዲያስተምረው አድርጊ፤ ለማስተማሩም ክፈይው። አጎትሽ ቡናውን ካልረሱ ሐሙስ ከአሥር ሰዓት በኋላ ከዚራ ነኝ፤ የማውቀውን ልጅ ይዤ እመጣለሁ።